የቻምበርስ ሮድን ቱቦ ማን ዘጋው?

ልጇን ዴይኬር ልታደርስ የመጣች እናት በሩ ላይ ስትደርስ ጩኸቷን ለቀቀችው። የልጆቹ መጫወቻ ግቢ በጥቁር ፍሳሽ ተጥለቅልቋል። ትንንሾቹ ብስክሌቶች እስከ ጎማቸው ገብተውበታል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የማንሆል ክዳን ከአፉ ተነስቶ በረዶው ላይ ተጋድሟል፤ ከጉድጓዱ የሚፈልቀው ደግሞ ግቢውን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይወርዳል።

«ሰው አልሞተ፣ ባንክ አልተዘረፈ። እኛን ምን ፈለጉን?» አለች ባልደረባዬ ካርላ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና።

«ክዳኑን አላየሽውም? ያንን ብረት ማንም ተራ ሰው በእጁ አያነሳውም። አንድ ሰው ሆን ብሎ ከፍቶ የሆነ ነገር ደፍቶበታል ነው የሚሉት» አልኳት።

ይመር እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን። በዴንቨር ከተማ ፖሊስ ውስጥ መርማሪ የሆንኩ የመጀመሪያው ሐበሻ አልሆን ይሆናል፤ የእኔን ያህል የኮራበት ግን ያለ አይመስለኝም። የዚያን ዕለት ጠዋት ኩራቴም አፍንጫዬም አንድ ላይ ታመሙ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው የቆሙት ጋሽ ኣስመላሽ ነበሩ፤ የከተማው የፍሳሽ መስመሮች ዋና ተቆጣጣሪ። ምጽዋ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ዴንቨር የገቡ ሰሞን ካፒቶል ሂል ሰፈር ተከራይተው፣ ቀን ሆቴል ማታ ትምህርት ቤት እያሉ ኢንጂነር የሆኑ ሰው ናቸው። በእኛ ሰው መሃል ስማቸው ሲነሳ ሁሉም ደረቱን ይነፋል። እኔም እነፋለሁ።

ሠራተኞቻቸው በረጅም ብረት ጎትተው ድፎ ዳቦ የሚያህል ቢጫ ነገር አወጡና ሳሩ ላይ ጣሉት። በጓንቴ ቆረስ አድርጌ አሸተትኩት። ከዚያ ሁሉ ግማት መሃል ኮረሪማ መጣብኝ፤ ኮሰረቱም ተከተለ።

«ጋሽ ኣስመላሽ፣ ይሄ እኮ የተነጠረ ቅቤ ነው!»

ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ሲነሱ ፊታቸው ተለዋውጧል፤ ግማቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ስብ ነው። ከላይ፣ ከሱቆቹ በኩል የመጣ ነው» አሉና ወደ ሠራተኞቻቸው ዞሩ።

ካርላ ያልኩትን እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ዓይኗ ቀስ ብሎ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የሱቆች መደዳ ሄደ።

«በዚህ መስመር ላይ ስንት የሐበሻ ምግብ ቤት አለ?»

«አንድ» አልኩ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘቢብ ምግብ ቤት በር ላይ የእገዳ ወረቀት ተለጠፈ።

*

እትዬ ዘቢብ አዲስ አበባ ያደጉ የአስመራ ሰው ናቸው። ምግብ ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ የጤና ተቆጣጣሪ መጥቶ አመስግኗቸው እንጂ ወቅሷቸው ሄዶ አያውቅም። ከቀናት በኋላ ስንሄድ በር ላይ ክንዳቸውን አጣምረው ጠበቁን።

«ፖሊስ ሆነህ ነው የመጣኸው ወይስ ያው በልቶ የሚሄደው ይመር ነህ?»

«ፖሊስ ሆኜ ነው፣ እትዬ ዘቢብ።»

«እንግዲያው ጫማህን ጥረግና ግባ።»

ኪችናቸው ከእኔ ሳሎን ይጸዳል። ካርላ የቅባት ማጥመጃውን ለማየት ጠየቀች፤ ከዕቃ ማጠቢያው የሚወርደው ቅባት ወደ ከተማው ቱቦ እንዳይገባ የሚይዘውን ሣጥን ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ማንንም ሳይጠብቁ ክዳኑን በራሳቸው እጅ አነሱት። ውስጡ ስስ የምግብ ዘይት ብቻ ነው። አንዲት ፍንጣሪ ቅቤ የለችበትም።

«ቅቤ የሚያነጥሩት የት ነው?» አልኳቸው።

«በሁዳዴ? ይመር፣ እናትህ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ? ሁዳዴ ሲገባ ሥጋም ቅቤም ከዚህ ኪችን ይወጣል፤ ድስቱ ሁሉ ይፈገፈጋል። አሜሪካኖቹ ክትፎ ሲሉኝ የለም እላቸዋለሁ። ያልተስማማው ኮልፋክስ ጎዳና ካሉት ምግብ ቤቶች ይሂድ!»

ካርላ ፍሪጆቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ቅቤ የለም።

«ወረቀቱ አይደለም የሚያመኝ» አሉ እትዬ ዘቢብ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ስልኩ እረፍት አጣ። የፋሲካ ኦርደር ካንስል ያደርጋሉ። የልጆቹን ግቢ ያበላሸችው እሷ ናት ተብሏል፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳይቀር ተወርቷል። እኔ በዚህ አገር ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእትዬ ዘቢብን ስም ግን በቁማቸው ልንቀብረው ነበር። የመጀመሪያውን አፈር ያፈስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ቅቤ ከሌላት ቅቤ አልደፋችም» አለች ካርላ ስንወጣ። «ግን ሌላ ጥፋተኛ ካላመጣንላቸው ወረቀቱን አያነሱትም።»

*

ከምግብ ቤቱ አጠገብ ያለው ጎማ ቤት ባለቤት አንድ ነገር ነገረን። ከምግብ ቤቶች ያገለገለ ዘይት የሚሰበስብ ትራክ አለ፤ ፍሳሹ ከመፈንዳቱ በፊት ባለው ቀን ያ ትራክ ማንሆሉ አጠገብ ቆሞ ውሏል። ሾፌሩ ሊዑል የሚባል ሐበሻ ነው። ትራኩ የዴንቨርን ምግብ ቤቶች ሁሉ ያዳርሳል፤ ጾም የማያውቁትንም ጭምር፤ ቅቤው ከእነሱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካርላ ጉዳዩ ያለቀ መሰላት። እኔም ልቤ ቀለል አለኝ።

ሊዑልን ነዳጅ ማደያ አገኘነው።

«ያን ቀን የት ዋልክ?»

«ሥራ ላይ፣ ጋሽ ይመር። ትራኬ ውስጥ።»

«ትራክህስ የት ዋለ?»

«መንገድ ላይ… እየነዳሁት።»

«የጎማ ቤቱ ሰውዬ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም ይላል።»

በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ካርላ ዴይኬሩ ግቢ ያነሳችውን የፍሳሹን ፎቶ ዓይኑ ሥር ያዘችለት። ሊዑል ፎቶውን አየና ተርበተበተ።

«በእናትህ ጋሽ ይመር፣ አለቃዬ እንዳይሰማ! ትራኩን እዛ ፓርክ አደርግና በራሴ መኪና ኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። ልጅ ተወልዶልኛል፤ ምን ላድርግ? ዘይቱን ግን አልደፋሁም። ታንኩን ክፈቱት፣ ሙሉ ነው!»

ከፈትነው፤ ሙሉ ነው። ኤርፖርቱ ካሜራ ላይም አየነው፤ የአንዲት አሮጊት ሻንጣ ተሸክሞ ይስቃል። ለአለቃው አልነገርንም። ሁሉም ነገር የፖሊስ ሥራ አይደለም።

*

እጃችን ባዶ ሲሆን ወደ ባለሙያው ሄድን። ጋሽ ኣስመላሽ በከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ቢሮ አላቸው፤ ወንዙ ዳር ነው። ሰውየው ከቃል በፊት እጄን ይዘው ገንዳዎቹን አስጎበኙን።

«ሲገባ እዩት፣ ጭቃ ነው። እዚህ ገንዳ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉኝ። አየር ከሰጠኋቸው ቆሻሻውን በልተው ይጨርሱልኛል። አያኮርፉ፣ እረፍት አይጠይቁ። አሁን ደግሞ ሲወጣ እዩት።»

መውጫው ላይ ውሃው ጠርቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዳክዬዎች ሰፍረውበታል። በእውነት ኮራሁባቸው። ከምጽዋ ተነስቶ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማን ውሃ አጥርቶ ለወንዙ የሚመልስ ሰው የእኛ ሰው ነው! ለካርላ እንዲገባት ብዬ ሁለት ጊዜ ተረጎምኩላት፤ እሳቸው በእንግሊዝኛ ነግረዋት እያለ።

ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ተሰቅሏል።

«ኬንያ ጠረፍ ያለች የሆቴል ከተማ ናት» አሉ። «ፍሳሿ ሳይጣራ ባሕር ይገባል። ቱሪስቱ ለባሕሩ ብሎ ይመጣል፤ ባሕሩን የሚጠብቀው ግን ቱቦው ነው። አዲሱን መስመርና ማጣሪያ እንድመራላቸው መርጠውኛል። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። እኔ የባሕር ልጅ ነኝ፣ ይመር። በሕይወቴ ይህን ሥራ ያህል የተመኘሁት ነገር የለም።»

ከዚያ ቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚቀርጸው ካሜራ ያነሳውን አሳዩን። ካሜራው ከማንሆሉ ተነስቶ ወደ ሱቆቹ ይወጣል። ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ የቅቤ ምልክት የለበትም።

ካርላ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አኖረች። «እዚህ ጋ መስመሩ ሁለት ይሆናል። በሌላኛው በኩል አልገባችሁም?»

«እሱ የመኖሪያ ቤቶች መስመር ነው። ጤነኛ ነው፤ አያስፈልግም» አሉና ስክሪኑን አጠፉት።

መኪና ውስጥ ስንገባ ካርላ ቁልፉን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

«አጎቴ ሰፈር፣ ፑዌብሎ ከተማ፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር የማንሆል ክዳን በራሱ ይነሳል። እንደሚፈላ ድስት ክዳን። ግፊቱ ነው የሚያነሳው።»

«ታዲያ ይሄንንም ግፊቱ አንስቶት ሊሆን ይችላላ!»

«አዎ። እኔ ያየሁትን እኚህ ሰውዬ በዚህ ሁሉ ዘመን አላዩም? ሰው ከፍቶት ነው ሲባል አጠገባችን ቆመው ነበር። ዝም አሉ።»

ልከራከራት ፈለግሁ፤ ግን ልክ ነበረች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። ሥሩን ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት ነበረብን።

*

ካርላ ከከተማው ካርታ ላይ ሁለተኛውን መስመር አገኘችው። መኪናውን አቁመን ከማንሆል ማንሆል በእግራችን ተከተልነው። በቅርቡ በተሠሩ መደዳ ቤቶች መሃል ይወጣና አንድ ጥግ ላይ ያበቃል። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሰዎች ስለ ቅቤ ስንጠይቃቸው እንደ እብድ አዩን። የጥጉን ቤት ስናንኳኳ ነጠላ የለበሱ ደርባባ ሴት ከፈቱልን። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ሐበሻ ነህ! ግባ ልጄ፣ እሷንም አስገባት፣ ብርድ ነው። መቅደላዊት እባላለሁ።»

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቆብ አድርገው፣ ማጣሪያ ገንዳ አጠገብ የቆሙ ሰው ፎቶ አለ። ጋሽ ኣስመላሽ ናቸው። ካርላም አየችው።

«እትዬ መቅደላዊት፣ ቅቤ ያነጥራሉ እንዴ?» አልኩ። የምርመራ ጥያቄ ሳይሆን የጎረቤት ወሬ እንዲመስል ሞከርኩ።

«እኔ ካላነጠርኩ ማን ያነጥራል?» አሉ፣ ኩራታቸው ከፊታቸው እየፈሰሰ። «የደብሩ ሴቶች ሁሉ ለፋሲካ ቅቤያቸውን እኔ ጋ ያመጣሉ። ዘንድሮማ ሌላዋ ባለሙያ ስለታመመች የእሷም ድርሻ በእኔ ላይ ሆነ። ና ላሳይህ!»

ወደ ጋራዡ ወሰዱን። መኪና የለበትም። ትልቅ የጋዝ ምድጃ፣ ሰው የሚቀቅሉበት የሚያህል ድስት፣ በባለ ክዳን ዕቃ የተደረደረ የተነጠረ ቅቤ። ግድግዳው ሳይቀር ኮረሪማ ይሸታል።

«ለምን እዚህ?» አለች ካርላ።

«ጾም ነዋ! በሁዳዴ ቅቤ ወደ ኪችኔ አይገባም። ድስቱም ማማሰያውም የዚሁ ነው። በፍስክ ቢሆን ዝቃጩን በዳቦ ነው የምንበላው፤ አንድ ጠብታ አይጣልም። አሁን ማን ይቀምሰዋል? ስለዚህ እዚያ ሲንክ ውስጥ እደፋና የፈላ ውሃ እለቅበታለሁ። ሙልጭ ብሎ ይሄዳል!»

የጋራዡ በር በሞተሩ እየጮኸ ወደ ላይ ተነሳ። ከውጭ ብርቱካናማ ሰደርያ ታየ። ጋሽ ኣስመላሽ መኪናቸው አጠገብ ቆመው እኛን፣ ድስቱን፣ ሲንኩን አዩ።

«መጣህ?» አሉ ሚስታቸው። «ለእንግዶቹ ሙያዬን እያሳየኋቸው ነው።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም።

«መቼ አወቁ፣ ጋሽ ኣስመላሽ?» አልኳቸው።

«አንተ ስታሸተው እኔም አሸተትኩት። ቤት ስገባ ጋራዡ ያንኑ ሸተተኝ።» ቆባቸውን አወለቁ። «ቱቦው ውስጥ የዛፍ ሥር ገብቶ ኖሯል። ቅቤው ትኩስ ሆኖ ይወርድና ሥሩ ላይ ሲደርስ ይረጋል። በላይ በላዩ እየተጋገረ መጣ። ከዚያ ይሄ ብርድ ጨረሰው።»

«ምንድነው የምታወሩት?» አሉ እትዬ መቅደላዊት።

ሲንኩን አዩ፤ ባላቸውን አዩ። ሲገባቸው እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«የዴይኬሩ… ዘቢብ… ዘቢብ የተዘጋባት በእኔ ቅቤ ነው?»

«አንቺ አላወቅሽም» አሉ ጋሽ ኣስመላሽ።

«አንተስ?»

«በየስብሰባው ‹ቅባት ሲንክ ውስጥ አትድፉ› እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ለገዛ ሚስቴ አልነገርኳትም። የራሱን ቤት ያላስተማረ ሰው ኬንያ ሄዶ ማንን ያስተምራል? ይህን ሳስብ አፌ ተያዘ። በዘቢብ ላይ ምንም አያገኙም፣ ነገሩ በራሱ ይበርዳል ብዬ…»

«በራሱ ይበርዳል!» ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፉ። እንደዚያ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም። «እኔ ባለማወቅ ደፋሁ። አንተ አውቀህ ዝም አልክ። የማፍረው በቅቤው አይደለም፣ ኣስመላሽ። ና፣ ከእነሱ ጋር እንሂድ።»

ጋሽ ኣስመላሽ ወደ እኔ ዞሩ። የሚለምኑኝ መስሎኝ ፈራሁ፤ ቢለምኑኝ ምን እንደማደርግ አላውቅምና።

«የመኖሪያ ቤቶቹ መስመር ጤነኛ ነው ብዬ የሐሰት ሪፖርት ጽፌያለሁ። አንድም ነገር ሳታስቀር መዝግብ። እንዳታዝንልኝ» አሉኝ።

*

ዓርብ ዕለት ወረቀቱ ከእትዬ ዘቢብ በር ላይ ተነሳ። ቅቤው ሆን ተብሎ የተደፋ ስላልነበረ እትዬ መቅደላዊት በማስጠንቀቂያ ታለፉ። ጋሽ ኣስመላሽ ከሥራ ታገዱ፤ ጉዳያቸው እየታየ ነው። ወረቀቱን የገነጠልኩት በራሴ እጅ ነው። ባልና ሚስቱ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ጋሽ ኣስመላሽ የሆነውን ሁሉ ለእትዬ ዘቢብ ነገሯቸው፤ ምክንያት አልደረደሩም።

እትዬ ዘቢብ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«ጋሽ ኣስመላሽ፣ ሰው ስሜን ሲያጠፋ እርስዎ ባሉበት ነበር?»

«ባለሁበት ነበር።»

«ዝም አሉ?»

«ዝም አልኩ።»

«በሩን ከፈታችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስሜንስ ማን ይከፍትልኛል?»

*

ሆሳዕና እሑድ ከእናቴ ወገን ልሁን ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ዘንባባ ራሱ ላይ አስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ይንጠባጠባል። ካህኑ ማስታወቂያ ሲጨርሱ ጋሽ ኣስመላሽ ደረጃው ላይ ወጡ። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ በእጅ። እትዬ መቅደላዊት ከጎናቸው ቆሙ።

«ታውቁኛላችሁ» አሉ። «ልጆቻችሁን እንደ እሱ ሁኑ ትሏቸዋላችሁ። የቻምበርስ ሮድ ቱቦ የተዘጋው ከእኔ ቤት በወጣ ቅቤ ነው። ዘቢብ ምንም የለችበትም። ይህን እያወቅሁ፣ ስሟ ሲነሳ፣ በመካከላችሁ ቆሜ ዝም አልኩ። ኬንያ ለሚጠብቁኝ ሰዎችም ደውዬ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ የሚወስኑትን ይወስኑ። ዘቢብ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«የደፋሁት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ መቅደላዊት። «አንጥሬ የሰጠኋችሁን ቅቤ በደስታ ብሉት። ዝቃጩን ግን ከእንግዲህ በጣሳ አጠራቅማለሁ፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።»

ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ ወሬውን ያላዞረ ጥቂት ነበር። እኔ በብዙ ነገር ኮርቼ አውቃለሁ፤ በመታወቂያዬ፣ በማጣሪያ ጣቢያው፣ በዳክዬዎቹ ሳይቀር። በአገሬ ሰው ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ያ ሽማግሌ ሰው ፊት ቆሞ ራሱን ሲያዋርድ ለእኔ ከቀድሞው በለጠብኝ።

እትዬ ዘቢብ ከሴቶቹ መሃል ወደ ፊት ወጡ። ጋሽ ኣስመላሽን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ሰማችሁ?»

«ሰማን» አለ ሰዉ።

«እንግዲያው የፋሲካ ኦርደር ካንስል ያደረጋችሁ ሁሉ፣ ነገ ራሳችሁ መጥታችሁ ታዛላችሁ። በስልክ አልቀበልም!»

ሰኞ ከሥራ በፊት ካርላን ይዤ ስሄድ ሰልፉ ጎማ ቤቱን አልፎ ነበር። ሕማማት ስለገባ ሰላምታ የለም፤ መጨባበጥ፣ መሳሳም የለም። እትዬ ዘቢብ በሩ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ሰው ስም ጮክ ብለው እየጠሩ ያስገባሉ። ሰውም ስሙ ሲጠራ አንገቱን ደፍቶ ይገባል።

ከሰልፉ መጨረሻ ባልና ሚስቱ ቆመዋል።

«ጋሽ ኣስመላሽ!» አሉ እትዬ ዘቢብ፤ ከሁሉም ስም ከፍ ባለ ድምፅ። ሰልፉ ዞሮ እያየ፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።